ቀለምን ከፊልም ወደ ፊልም የሚያሻግረው መኪና

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል የሳይንስ ማኅበር አባሎች ስም የተነገረ)



ዛሬ የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ አዳራሽ፥ እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን የምንወጣ ተማሪዎች ስለ አንድ መኪና እንድንናገር ተፈቅዶልናል። መኪናው በመንገድ ላይ የሚሄድ አይደለም፤ እህል አይፈጭም፥ ጨርቅም አይሸምንም። ሥራው የሲኒማ ፊልም ማተም ነው። ስለ ሲኒማ ሲወራ የተዋናዮቹ ስም ይነሣል፤ አንዳንድ ጊዜም የደራሲው ይነሣል። ማተሚያውን ግን የሚያነሣው የለም። እኛም የመረጥነው ስለዚሁ ነው። የጠቀስናቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ፊልም ማተም ለምን እንዳስፈለገ እናስረዳ። በካሜራው ውስጥ ገብቶ ሥዕሉን የተቀበለው ፊልም አንድ ብቻ ነው። ሲኒማ ቤቶች ግን ብዙ ናቸው። በመቶ ከተማ በአንድ ሳምንት እንዲታይ ከተፈለገ መቶ ቅጂ ያስፈልጋል። ይህ ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ቁም ጸሐፊ መጽሐፍን ከመጽሐፍ ይገለብጥ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ጸሐፊው አንድ መሥመር ቢዘል፥ ከእርሱ መጽሐፍ የሚገለብጠው ሁሉ ያን ጉድለት ይወርሳል። በፊልምም እንዲሁ ነው። ማተሚያው ቢሳሳት፥ ስሕተቱ በየአገሩ ባለው ሸራ ላይ ይታያል።

ጥቁርና ነጭ ፊልም ማተም በመሠረቱ ቀላል ነው። የተነሣውን ኔጌቲቭ ፊልምና ገና ያልተነካውን ፊልም ፊት ለፊት አጣብቆ በመብራት ፊት ማሳለፍ ይበቃል። ሉሚዬር የተባሉት የፈረንሳይ ወንድማማቾች በ1895 ለሕዝብ ያሳዩበት መሣሪያ ፊልም ያነሣ፥ ያትም፥ በግድግዳም ላይ ያሳይ ነበር፤ ሦስቱ ሥራ በአንድ ሣጥን ይፈጸም ነበር ማለት ነው።

ችግሩ የመጣው ቀለም ሲፈለግ ነው።

በ1915 በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ኸርበርት ካልመስና ዳንኤል ኮምስቶክ የተባሉ ሁለት የሳይንስ ሰዎች ከበርተን ዌስኮት ጋር ሆነው ቴክኒከለር የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ካልመስና ኮምስቶክ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ነበሩ። ያንን ትምህርት ቤት ሰዎች በአጭሩ «ቴክ» ይሉት ነበርና የኩባንያው ስም እኩሌታ የትምህርት ቤታቸው መታሰቢያ ሆነ። እነዚህ ሰዎች በትምህርት ቤታቸው ኮርተው ብቻ አልቀሩም፤ ስሙን በሥራቸው ላይ ጻፉት። በዛሬው በዓል ይህን ማስታወስ የሚገባ ይመስለናል።

የመጀመሪያው ሥራቸው በ1917 የታየው «ዘ ገልፍ ቢትዊን» የተባለ ፊልም ነበር። በፊልሙ ላይ ቀለም አልነበረበትም። አንዱ ሥዕል በቀይ፥ ሁለተኛው በአረንጓዴ መስተዋት በኩል የተነሡ ሁለት ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች ነበሩ። በሲኒማ ቤቱ ልዩ መሣሪያ ሁለቱን በቀይና በአረንጓዴ ብርሃን በሸራው ላይ ደራርቦ ያሳያል። ዳሩ ግን ሁለቱ ሥዕሎች በትክክል እንዲገጥሙ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ሳያቋርጥ ማስተካከል ነበረበት። ጥቂት ቢዘናጋ የሰው ፊት ሁለት ሆኖ ይታያል። በየሲኒማ ቤቱ እንዲህ ያለ ባለሙያ ማግኘት አይቻልም። ካልመስም ከዚህ አንድ ትምህርት አገኘ። ጥበቡ በሲኒማ ቤቱ ውስጥ መሆን የለበትም፤ ቀለሙ አስቀድሞ በፊልሙ ላይ ታትሞ መላክ አለበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭንቀቱ ሁሉ ወደ ማተሚያው ዞረ።

ሁለተኛው ሙከራ በ1922 «ዘ ቶል ኦፍ ዘ ሲ» በተባለው ፊልም ታየ። ሁለት ቀጫጭን ፊልሞች፥ አንዱ ቀይ ቀመስ ሌላው አረንጓዴ ቀመስ ቀለም ተነክረው፥ ጀርባ ለጀርባ በማጣበቂያ ተጋጠሙ። ይህ ፊልም በማንኛውም ተራ መሣሪያ ሊታይ ቻለ። ሕዝቡም ወደደው። ነገር ግን ሌላ ጉድ ተከተለ። የመሣሪያው መብራት ኃይለኛ ሙቀት ስላለው የተጣበቀው ፊልም አንድ ጊዜ ወደዚህ፥ አንድ ጊዜ ወደዚያ ይጎብጥ ጀመር። በጎበጠ ቁጥር ሥዕሉ ይደበዝዛል። በዚህም ላይ ሥዕል ያለበት ገጽ በሁለቱም ወገን ስለ ነበረ በሁለቱም ወገን ይጫጫር ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ኩባንያው ገንዘብ አውጥቷል፤ ስሙም መሰማት ጀምሯል። የያዘውን ይዞ በማስተካከል መኖር ይችል ነበር። መሐንዲሶቹ ግን ነገሩን ከሥሩ መረመሩት። የተጣበቁት ፊልሞች እያንዳንዳቸው ሥዕሉን በጄላቲን ላይ እንደ ተራራና ሸለቆ ከፍና ዝቅ አድርገው ይዘውት ነበር። «ይህ ፊልም ራሱ ወደ ሲኒማ ቤት ከሚሄድ፥ እንደ ማኅተም ሆኖ ቀለሙን በሌላ ንጹሕ ፊልም ላይ ለምን አያሳርፍም?» የሚለው አሳብ ሥራ ላይ ዋለ። በ1928 «ዘ ቫይኪንግ» የተባለው ፊልም በዚህ ዘዴ ታትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሲኒማ ቤት የሚሄደው ፊልም አንድ ነጠላ ፊልም ብቻ ሆነ፤ ማጣበቂያም ቀረ፥ መጉበጥም ቀረ።

ይህን ባነበብን ጊዜ ነገሩ በጣም ቀላል መሰለን። ማኅተም ማን የማያውቅ አለ! ስለዚህ በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ለመሞከር ተነሣን። ሦስት ድንች ወስደን አንድ ዓይነት አበባ ቀረጽንባቸው። አንዱን በቢጫ፥ አንዱን በቀይ፥ አንዱን በሰማያዊ ቀለም ነክረን በአንድ ወረቀት ላይ በተራ አሳረፍን። ያገኘነው አንድ አበባ ሳይሆን እርስ በርሳቸው የሚጋፉ ሦስት አበቦች ነበር። በእጃችን እየለካን፥ በዓይናችን እያነጣጠርን ሃያ ወረቀት ያህል አበላሸን። በመካከላችንም ክርክር ተነሣ፤ አንዱ ድንቹን ወቀሰ፥ አንዱ ቀለሙን፥ አንዱም የጓደኛውን እጅ።

በመጨረሻ መምህራችን ምንም ሳይናገሩ አንድ ጣውላና ሁለት ሚስማር ሰጥተውን ወጡ። ወረቀቱን በሁለት ቦታ በስተን ሚስማሮቹ ላይ ሰካነው። ድንቾቹንም በእንጨት ላይ አስረን፥ እንጨቶቹን በዚያው ልክ በስተን እነዚያኑ ሚስማሮች ተከትለው እንዲወርዱ አደረግን። ያን ጊዜ ሦስቱ ቀለሞች ተደራርበው አንድ አበባ ሆኑ። በሚቀጥለው ሙከራም ሆኑ፤ በአሥረኛውም ሆኑ። ጥፋቱ የድንቹም የእጅም አልነበረም፤ ሥራውን የሚይዝ ነገር መጥፋቱ ነበር።

እንግዲህ ትልቁ መኪና የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። አሁን አሠራሩን በቅደም ተከተል እንግለጥ።

ከ1932 ጀምሮ ካሜራው ሥዕሉን በአንድ ጊዜ በሦስት ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ላይ ያነሣ ነበር፤ አንዱ የቀዩን ብርሃን፥ አንዱ የአረንጓዴውን፥ አንዱም የሰማያዊውን ድርሻ ይይዛል። ከእያንዳንዱ አንድ እናት ፊልም ይሠራል፤ ጠበብቱ ማትሪክስ ይሉታል። እናት ፊልሙ በልዩ መድኃኒት ሲታጠብ ብርሃን የነካው ጄላቲን ይደርቃል፥ ያልነካው በሙቅ ውሃ ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ብርሃን በነካው ቦታ ወፍራም፥ ጥቂት በነካው ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ወደ ቀለም ሲገባም ወፍራሙ ብዙ ቀለም ይጠጣል፥ ቀጭኑ ጥቂት። ለሰፌድ የሚሆን አለላ የሚነክሩ እናቶቻችን ቀለም የሚይዝና የማይዝ ነገር መኖሩን ያውቃሉ፤ ይህም ያንኑ የመሰለ ነው።

ሦስቱ እናት ፊልሞች የሚነከሩት በየራሳቸው ቀለም ነው። የቀዩን ድርሻ የያዘው ሳያን በሚባል አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ፥ የአረንጓዴው ማጀንታ በሚባል ሐምራዊ ቀመስ ቀይ፥ የሰማያዊው ደግሞ በቢጫ ይነከራል። ለምን ቢባል፥ እያንዳንዱ ቀለም ሥራው የራሱን ድርሻ ብርሃን መቀነስ ነው። ሳያን ቀይ ብርሃንን ይከለክላል፥ ማጀንታ አረንጓዴውን፥ ቢጫም ሰማያዊውን ይከለክላል። ሦስቱ በልክ ሲደራረቡ የሰማዩም፥ የሣሩም፥ የሰው ፊትም መልክ ይወጣል።

ቀጥሎ ቀለም የጠጣው እናት ፊልምና ንጹሑ ፊልም በውሃ እንደ ረጠቡ ፊት ለፊት ይገጥማሉ። በንጹሑ ፊልም ላይ ያለው ጄላቲን ቀለሙን ስቦ የሚያስቀር ንጥረ ነገር አለበት። ቀለሙ እስኪሻገር ድረስ ሁለቱ ፊልሞች አንዳቸው ከሌላው ሳይንሸራተቱ አብረው መጓዝ አለባቸው። የረጠበ ፊልም ደግሞ ያብጣል፥ ይለጠጣል። ይህን ለመከላከል መሐንዲሶቹ ጥርስ ያለው ረጅም የብረት ቺንጋ ሠሩ። የሁለቱም ፊልሞች የጠርዝ ቀዳዶች በእነዚያ ጥርሶች ላይ ይሰካሉ፥ በመዳመጫም ተጭነው ይጣበቃሉ። ቺንጋው እየዞረ ይዟቸው ይሄዳል። በመጨረሻም ይላቀቃሉ፤ እናት ፊልሙ ታጥቦ እንደገና ለመነከር ይመለሳል፥ የታተመው ፊልም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀለም ሊቀበል ይቀጥላል። የብረቱ ጥርሶች የእኛ ሁለት ሚስማሮች ማለት ናቸው።

ሥራው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ በቁጥር እናሳይ። የሲኒማ ፊልም ወርዱ 35 ሚሊሜትር ነው። በላዩ ያለው ሥዕል ወርድ 22 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ሥዕል 11 ሜትር ወርድ ባለው ሸራ ላይ ሲታይ 500 ጊዜ ይተልቃል ማለት ነው። እንግዲህ ከቀለሞቹ አንዱ በፊልሙ ላይ በ0.02 ሚሊሜትር ብቻ ቢዛነፍ፥ በሸራው ላይ አንድ ሙሉ ሳንቲሜትር ተዛንፎ ይታያል። ከራስ ፀጉር ውፍረት የሚያንስ ስሕተት የአንዲትን ሴት ከንፈር ከፊቷ አውጥቶ ያሳያል።

በዚህም ላይ ብዛቱን ተመልከቱ። በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕሎች ያልፋሉ። በአንድ ጫማ ፊልም ላይ 16 ሥዕሎች ስላሉ በአንድ ደቂቃ 90 ጫማ ይታያል። የሁለት ሰዓት ፊልም 10,800 ጫማ ርዝመት ሲኖረው በላዩ 172,800 ሥዕሎች አሉበት። እያንዳንዱ ሥዕል ሦስት ጊዜ ቀለም ይቀበላል፤ ስለዚህ ለአንድ ቅጂ ብቻ 518,400 ጊዜ በትክክል መግጠም ያስፈልጋል። እኛ ሦስት ጊዜ ማግጠም አቅቶን ሃያ ወረቀት አበላሽተናል።

የሦስቱ ቀለም ሥራ በ1932 የዋልት ዲዝኒ «ፍላወርስ ኤንድ ትሪስ» በተባለ አጭር የሥዕል ፊልም ተጀመረ። በ1935 «ቤኪ ሻርፕ» የተባለው ረጅም ፊልም ከዳር እስከ ዳር በሦስቱ ቀለም ወጣ። በ1939ም «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በዚሁ መኪና ታትሞ በዓለም ተሠራጨ። ከ1917 እስከ 1932 አሥራ አምስት ዓመት ነው። በነዚያ ዓመታት ሰዎቹ የሠሩትን ትተው እንደገና የጀመሩት ስላልተሳካላቸው ብቻ አይደለም፤ ሕዝብ የወደደውንም ሥራ ጉድለቱን አይተው ትተውታል። ከማሽኑ ይልቅ ይህ ያስደንቃል።

ይሁን እንጂ የትኛውም መኪና ዘመን አለው። በ1950 የኮዳክ ኩባንያ ሦስቱን ቀለሞች በአንድ ፊልም ላይ ደራርቦ የሚይዝ አዲስ ፊልም አወጣ። ከዚያ በኋላ ሦስት ፊልም የሚጎርሰው ከባድ ካሜራ ቀስ በቀስ አላስፈለገም። የማተሚያው መኪና ግን በአዲሱ ፊልም ከተነሣው ሥዕል እናት ፊልሞችን እያዘጋጀ ሥራውን ቀጠለ። እናት ፊልም መሥራት ብዙ ወጪና ብዙ እጅ ይጠይቃል፤ ከተሠራ በኋላ ግን ከእርሱ ብዙ ቅጂ ማውጣት ይቻላል። ስለዚህ መኪናው የሚያዋጣው ብዙ ቅጂ ሲታዘዝ ነው። ፈጣኑና ቀላሉ አዲስ ፊልም እየተስፋፋ ሲሄድ የቀድሞው ሥራ እንደ ከባድ ሸክም ታየ። በ1974 የወጣው «ዘ ጎድፋዘር» ክፍል ሁለት በሆሊውድ በዚህ መኪና ከታተሙት የመጨረሻዎቹ አንዱ ሆነ። የሎንዶኑም በ1978 ቆመ።

ያን ጊዜ የቸኮለ ሰው «ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው፤ አዲሱ መጣ፥ አሮጌው ሄደ» ሊል ይችል ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ያልታሰበ ነገር ተገለጠ። በአዲሱ ዘዴ የታተሙት የእነዚያ ዓመታት ቅጂዎች ቀለማቸው ለቀቀ። ሰማያዊውና አረንጓዴው እየጠፋ ሁሉም ነገር ቀይ ሆኖ ቀረ። በቺንጋው መኪና የታተሙት ቅጂዎች ግን መልካቸውን እንደ ያዙ ተገኙ። የሦስቱ ካሜራ ፊልሞችም ሥዕላቸው የተጻፈው በብር እንጂ በቀለም ስላልሆነ የሚለቅ ቀለም የለባቸውም። ስለዚህ የጥንት ፊልም የሚያድሱ ሰዎች «የዚህ ልብስ ቀለም በመጀመሪያ ምን ነበር?» ብለው ሲጠይቁ፥ የሚመሰክርላቸው ያ ተጥሎ የነበረው መኪና ያተመው ቅጂ ነው።

መኪናው ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። በቻይና አገር በቤጂንግ እስከ 1993 ድረስ ይሠራ ነበር። በ1990 የወጣው የዣንግ ዪሞ «ጁ ዱ» የተባለው ፊልም በዚህ ዘዴ ታትሟል። ደግሞም ታሪኩ የሚፈጸመው ጨርቅ በሚነከርበት ቤት ውስጥ ነው፤ ከጣራው የሚወርዱት ቢጫና ቀይ ጨርቆች ቀለማቸውን ያገኙት በንከራ፥ ፊልሙም ቀለሙን ያገኘው በንከራ ነው።

በ1990ዎቹ ዓመታት የቴክኒከለር መሐንዲሶች መኪናውን በአዲስ መልክ ለመሥራት ተነሡ። በ1997 «ባትማን ኤንድ ሮቢን» ከተባለው ፊልም አንዳንድ ቅጂዎች በእርሱ ታተሙ፤ በ2001ም እንደገና ተዘጋጅቶ የወጣው «አፖካሊፕስ ናው» ታተመ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ባለቤት ከለወጠ በኋላ ግን በ2002 ሥራው ዳግመኛ ቆመ። ዛሬ በአብዛኛው ሲኒማ ቤት የሚታየው ሥዕል በፊልም ሳይሆን በዲጂታል መንገድ የሚመጣ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤

ከዚህ ታሪክ እኛ ሁለት ነገር ተምረናል። የመጀመሪያው፥ የመሐንዲስ ሥራ ድንገት በአእምሮ የሚበራ መብራት ብቻ አለመሆኑ ነው። አብዛኛው ሥራ የሚንሸራተተውን እንዳይንሸራተት ማድረግ ነው። ጥርስ ያለው ቺንጋ በፊልሙ መጨረሻ ላይ ስሙ አይጻፍም፤ እርሱ ባይኖር ግን የተዋናይዋን ፊት ማየት ባልተቻለ ነበር።

ሁለተኛው፥ አንድን ሥራ ማቆምና አንድን እውቀት ማጥፋት የተለያዩ መሆናቸው ነው። መኪና ሲያረጅ ይነቀላል፤ ይህ ያለ ነገር ነው። ከመኪናው ጋር አሠራሩ ቢጠፋ ግን፥ ተከታዩ ትውልድ የሚፈልገው ቀን በመጣ ጊዜ ከባዶ ይጀምራል። በአገራችን የብራና አወጣጡን፥ የቀለም አበጣበጡን፥ የሽመናውንና የብረት ሥራውን ጥበብ የያዙ አረጋውያን አሉ። እኛ ከዚህ በር ስንወጣ ከዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ጋር የእነርሱንም ጠይቀን መጻፍ ይገባናል። ይህን ለራሳችን የምንናገረው ለሌላው ከመናገራችን በፊት ነው፤ ከመካከላችን አያቱ ብራና ይፍቁ የነበሩ ልጅ አለ፥ አንድም ቀን ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። አሁን አያትየው በሕይወት የሉም።

በቋንቋችን «ቀለም» ማለት ትምህርት ማለትም ነው። ትምህርት የሚገባው ልጅ «ቀለም ይገባዋል» ይባላል፤ ያስተማረንም ሰው የቀለም አባታችን ነው። ስለ መኪናው ስናነብ ይህ ቃል ደጋግሞ ትዝ አለን። ቀለሙ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ሁለቱ ፊልሞች ተያይዘው አብረው ሲጓዙ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ቢቸኩል ሥዕሉ ይበላሻል። በዚህ ትምህርት ቤት በቆየንባቸው ዓመታት ብዙ ጊዜ የቸኮልነው እኛ ነን። መምህሮቻችን ግን አልለቀቁንም።

ጣውላውና ሁለቱ ሚስማሮች በቤተ ሙከራው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ለሚቀጥለው ክፍል ትተንላቸዋል። ድንቹን ግን ራሳቸው ያምጡ።